የሃውስ ዲጄ ለመሆን፦ ከመቁጠር እስከ መጀመሪያው ሚክስ

ዲጄ መሆን የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ዕቃ ልግዛ?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ከዚያ የሚቀድም ነገር አለ። ጆሮ ይቀድማል። ምት መቁጠር የሚችልና ትራኮቹን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው በርካሽ ዕቃም ሰው ያስጨፍራል። መቁጠር የማይችል ሰው ግን ውድ የክለብ ማሽን ፊት ቢቆምም ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ገንዘብ ከማይጠይቀው እንጀምር።

መመሪያው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በላፕቶፕና በትንሽ ኮንትሮለር (የዲጄ ሶፍትዌርን በእጅ የሚያዙበት ዕቃ) የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ መጫወት ለሚፈልግ ሰው ነው። ግቡ አንድ ነው፦ የማይቆራረጥ የ30 ደቂቃ ሚክስ፣ ማለትም ተያይዘው የሚሄዱ ትራኮች፣ ቀድቶ ሳያፍሩ ለጓደኛ ማሰማት።

ለምን በሃውስ እንጀምራለን?

ኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ሰፊ ነው። ቴክኖ፣ ትራንስ፣ ድራም ኤንድ ቤዝ፣ አማፒያኖ እያለ ይቀጥላል። ሁሉንም ባንዴ ልያዝ ያለ አንዱንም አይዝም። ለጀማሪ እኔ የምመክረው ሃውስን ነው፤ ስለምወደው ብቻም አይደለም።

ሃውስ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ ተወለደ። እነ ፍራንኪ ነክልስ ክለብ ውስጥ የዲስኮ ሸክላዎችን እያረዘሙ፣ ከሥር የከበሮ ማሽን እየጨመሩ ሲጫወቱ ነው መልኩን የያዘው። ገና ከጅምሩ ለዲጄ እጅ እንዲመች ሆኖ ያደገ ሙዚቃ ነው ማለት ይቻላል። ኪክ የሚባለው ከባዱ ከበሮ በእያንዳንዱ ምት ላይ ይመታል። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ትራኩ ሲጀምርና ሲያልቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከበሮ ብቻ የሚሰማበት ረጅም ክፍል አለ። ያ ክፍል የተተወው አንዱን ትራክ ከሌላው እንድናያይዝበት ነው።

ፍጥነቱም ለጀማሪ ይመቻል። የሙዚቃ ፍጥነት በደቂቃ ውስጥ ባለው የምት ብዛት ይለካል፤ ቢፒኤም የሚባለው እሱ ነው። አብዛኛው ሃውስ ከ118 እስከ 128 ባለው ውስጥ ይገኛል። አማፒያኖ 112 አካባቢ ነው፣ ትራንስ ከ130 በላይ ይወጣል፣ ድራም ኤንድ ቤዝ 174 አካባቢ ይበራል። በሃውስ ውስጥ ሁለት ትራኮች የሚራራቁት በጥቂት ቢፒኤም ስለሆነ ማስማማቱ ብዙ አያስጨንቅም። እዚህ የተማራችሁት ዘዴ በኋላ ለቴክኖም ለትራንስም ይሠራል።

መጀመሪያ ቁጠሩ

ስልካችሁ ላይ አንድ የሃውስ ትራክ ክፈቱ። ኪኩን ተከትላችሁ በእግራችሁ መሬቱን ምቱ። አራት ምት አንድ ባር ነው። ስምንት ባር ሲሞላ፣ ማለትም 32 ምት ሲቆጠር፣ ሙዚቃው ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ይለወጣል። ሃይ-ሃት (ቀጭኑ የሲምባል ድምፅ) ይገባል፣ ወይ ጭብጨባ ይጨመራል፣ ወይ ቤዙ ይነሳል፣ ወይ ዘፋኙ ይጀምራል። ይህ ስምንት ባር ፍሬዝ ይባላል። የዲጄ ሥራ ሁሉ ፍሬዝ ላይ ነው የቆመው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።» የየባሩ የመጀመሪያ ቃል ስንተኛው ባር ላይ እንዳላችሁ ይነግራችኋል። «ስምንት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብላችሁ ስትጨርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ምት አዲስ «አንድ» ነው። ልምምዱ ያንን «አንድ» ሳይመጣ ቀድሞ መጠበቅ ነው። ሲመጣ ባሰባችሁበት ቦታ ከሆነ ገብቷችኋል። ታክሲ ውስጥ ቁጠሩ፣ ሰልፍ ላይ ቁጠሩ፣ ሳህን ስታጥቡ ቁጠሩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አፋችሁ ዝም ይልና ሰውነታችሁ ለብቻው ይቆጥራል።

በሰከንድ ስናየው ደግሞ የበለጠ ይገባል። 120 ቢፒኤም በሆነ ትራክ አንድ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። አንድ ባር 2 ሰከንድ፣ አንድ ፍሬዝ 16 ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ 16 ባር መግቢያ ያለው ትራክ 32 ሰከንድ የሥራ ጊዜ ይሰጣችኋል። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ጊዜ ያጥርባችኋል። ሲለመድ ግን ውሃ ለመጠጣት ሁሉ ይበቃል።

እኛ ጋ አንድ የተለየ ነገር አለ። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ ምት ነው፤ በእሱ ያደገ ጆሮ አንዱን ምት ለሦስት መክፈል ይቀናዋል። ሃውስ ግን ምቱን የሚከፍለው ለሁለትና ለአራት ነው። ትከሻችሁ ወደ ሌላ ቢስባችሁ አትደንግጡ፤ ኪኩን ብቻ ያዙ።

ቆጠራው ሲለምድላችሁ ወረቀት አምጡ። የምትወዱትን ትራክ ከፍታችሁ ካርታውን ሳሉ። ለምሳሌ 120 ቢፒኤም የሆነ ትራክ እንዲህ ሊወጣ ይችላል። 0፡00 ላይ ኪክ ብቻ። 0፡16 ሃይ-ሃት ገባ። 0፡32 ቤዝ ገባ። 1፡04 ድምፃዊቷ ጀመረች። 2፡40 ላይ ኪኩ ጠፋ፤ ይህ ብሬክዳውን ይባላል፣ ሰው እጁን ወደ ላይ የሚያነሳበት ቦታ ነው። 3፡12 ኪኩና ቤዙ አብረው ተመለሱ፤ ይህ ድሮፕ ነው። 5፡04 ላይ ቤዙ ወጥቶ ከበሮው ብቻ ቀረ። 6፡08 ላይ አለቀ። እዚህ ትራክ ላይ ቀጣዩን ማስገባት የምትጀምሩት 5፡04 ላይ ነው ማለት ነው። አምስት ትራክ እንዲህ ከተነተናችሁ ስድስተኛው ላይ ወረቀት ሳይዙ ይገባችኋል።

አሁን ዕቃው

ላፕቶፕ አላችሁ እንበል። ባለ 8 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ለጀማሪ በቂ ነው። ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። ሚክስ (Mixxx) የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል፤ ሚክሳችሁንም ይቀዳል። ሬኮርድቦክስና ሴራቶ ዲጄ ላይትም ያለ ክፍያ ይጀመራሉ። የቱን ልምረጥ ብላችሁ ሳምንት አታባክኑ። አንዱን አውርዱና በኪቦርድና በማውስ ማሻገር ሞክሩ። ሥራውን እንደምትወዱት ካያችሁ በኋላ ኮንትሮለር ግዙ።

ኮንትሮለር ስትመርጡ ሁለት ቻናል፣ ማለትም ለሁለት ትራክ የሚሆን ቦታ፣ ይበቃል። አራት ቻናል ያለውን ለመግዛት አትቸኩሉ። የፓዮኒር ዲጄው ዲዲጄ-ኤፍኤልኤክስ4 እና የሄርኩለስ ኢንፐልስ 300 ዓይነቶቹ ብዙ ጀማሪ የሚነሳባቸው ናቸው። ከስሙ ይልቅ ግን እነዚህን እዩ። በየቻናሉ የቤዝ፣ የመሃልና የላይ ድምፅ ማዞሪያ አለው? የፍጥነቱ ተንሸራታች ረዘም ይላል? የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው? በጆሮ ማዳመጫ ቀጣዩን ትራክ ለብቻ ማድመጥ ያስችላል? ይህ የመጨረሻው ከሌለ ዕቃው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዲጄ ሕዝቡ አንዱን ትራክ እየሰማ ቀጣዩን በጆሮው ነው የሚያዘጋጀው።

ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ኮንትሮለር ምረጡ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ኮንትሮለሩም ከእሱ ይጠጣል፤ በጆሮ ማዳመጫ ልምምዳችሁን ትጨርሳላችሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ የሞዴሉን ስም በትክክል ጻፉለት፣ የዩኤስቢ ገመዱም እንዳይቀር አደራ በሉት። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሳትከፍሉ ላፕቶፕ ላይ ሰኩት። እያንዳንዱን ፌደር (ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ተንሸራታች) ቀስ ብላችሁ ከላይ እስከ ታች ጎትቱ፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ወይም ከተንጫጫ ውስጡ አልቋል። ሁለቱንም ክብ ሳህኖች አዙሩ። የጆሮ ማዳመጫውን ቀዳዳ ገመዱን እያንቀሳቀሳችሁ ሞክሩ። በብዛት የሚበላሸው እሱ ነው።

ጆሮ ማዳመጫው ባለ ገመድና ጆሮን የሚሸፍን ይሁን። ብሉቱዝ አይሆንም። ድምፁ በትንሹ ዘግይቶ ስለሚደርስ ምት ማስማማት አትችሉም። ብሉቱዝ ስፒከርም እንደዚሁ ነው፤ ካላችሁ በገመድ አገናኙት። የላፕቶፑ የራሱ ስፒከር ደግሞ ቤዝ የለውም፤ ቤዝ ሳይሰሙ ሃውስ መማር አይቻልም። ስፒከር መግዛት ካልቻላችሁ ደህና ጆሮ ማዳመጫ ይሻላል።

30 ትራክ ይበቃል

ጀማሪን ከሚያደናቅፉ ነገሮች አንዱ 3000 ዘፈን የሞላ ፍላሽ ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ሰምታችሁት የማታውቁት ዘፈን ብዛቱ ምንም አይጠቅምም። 30 ትራክ ምረጡ። ግን እያንዳንዱን እስከ ጥጉ እወቁት። የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ድምፃዊው የት እንደሚገባ።

የሃውስ ትራክ ቢትፖርት፣ ትራክሶርስና ባንድካምፕ ላይ በነጠላ ይሸጣል። ስትገዙ «ኤክስቴንድድ ሚክስ» ወይም «ኦሪጅናል ሚክስ» የሚለውን ፈልጉና ርዝመቱን እዩ። «ሬዲዮ ኤዲት» የሚለውን ተዉት። እሱ ለሬዲዮ ተቆርጦ ሦስት ደቂቃ የሆነው ነው፤ የከበሮው መግቢያና መውጫ ተወስዶበታል። ለእኛ ሥራ ዋናው እሱ ነበር። ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ ከሌላችሁ ሳውንድክላውድና ባንድካምፕ ላይ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው በነጻ እንዲወርድ የፈቀዷቸው ትራኮች አሉ። መፈለግ ይጠይቃል፤ ግን ያ ፍለጋ ራሱ ጆሮ ያሠለጥናል።

ከዩቲዩብ እየቀዱ መጫወትን አልደግፍም። አንደኛ ሙዚቀኛው የድካሙን ዋጋ አያገኝም። ሁለተኛ የድምፁ ጥራት ይወርዳል። ቤት ውስጥ ላይታወቃችሁ ይችላል። ትልቅ ስፒከር ላይ ሲወጣ ግን ሃይ-ሃቱ ይንሻሻል፣ ኪኩ ይልመጠመጣል። 320 ኪሎቢት የሆነ ኤምፒ3 ይዛችሁ ሂዱ። የስድስት ደቂቃ ትራክ 14 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ ሠላሳውም ተደምሮ ግማሽ ጊጋ አይሞላም።

ትራኮቹን ሶፍትዌሩ ውስጥ ስታስገቡ ይመረምራቸዋል፤ ቢፒኤማቸውን ያወጣል፣ ምቶቹ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ያሰምራል። ይህ ቢትግሪድ ይባላል። ሁሌም አትመኑት። ትራኩን መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ላይ አጉልታችሁ መስመሩ በትክክል ኪኩ ላይ መቀመጡን እዩ። ከዚያ በየስሜታቸው መድቧቸው። እኔ የምወደው አከፋፈል ቀላል ነው፦ መክፈቻ፣ ማሞቂያ፣ መሃል፣ ማብረጃ። በዘፋኝ ስም ከመደርደር ይህ ይሻላል፤ ስትጫወቱ የምትፈልጉት «አሁን ትንሽ ሞቅ የሚል» የሚለውን ነውና።

የመጀመሪያው ሽግግር

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ገባን። ግራው ላይ የሚጫወት 122 ቢፒኤም የሆነ ትራክ አለ። ቀኝ ላይ የምናስገባው 124 ነው። እስቲ ቀስ ብለን እንሂድ።

የቀኙን ፌደር እስከ ታች አውርዱ፤ ስፒከር ላይ ምንም አይሰማም። የቀኙን የጆሮ ማዳመጫ ቁልፍ ተጫኑ፤ አሁን ቀኙ በጆሯችሁ ብቻ ይሰማል። የትራኩን የመጀመሪያ ኪክ ፈልጉ። ሳህኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጣት እያንቀሳቀሳችሁ ልክ ድምፁ የሚነሳበት ጫፍ ላይ አቁሙና ኪው የሚለውን ተጫኑ። ከአሁን በኋላ ትራኩ ከዚያ ነጥብ ይነሳል።

ከ124 ወደ 122 ለመውረድ ፍጥነቱ 1.6 በመቶ መቀነስ አለበት። ተንሸራታቹን በአብዛኞቹ ኮንትሮለሮች ላይ ወደ ራሳችሁ ስትስቡት ይፈጥናል፣ ስትገፉት ይዘገያል። ስለዚህ በትንሹ ገፋ አድርጉት። ኪ-ሎክ ወይም ማስተር ቴምፖ የሚለውን ማብራታችሁን አትርሱ፤ ፍጥነቱ ሲቀየር የድምፁ ቅላጼ እንዳይወርድ ያደርጋል።

የግራውን ትራክ ቁጠሩ። «ሰባት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ስምንት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።» አዲሱ «አንድ» ላይ ፕሌይን ተጫኑ። እስካሁን የሚሰማው በጆሯችሁ ብቻ ነው። አሁን ሁለቱን ኪኮች አድምጡ። ገጥመው ከሆነ አንድ ጠንካራ ድምፅ ነው የሚሰማው። ካልገጠሙ ዱዱም፣ ዱዱም እያለ እንደ ፈረስ ግልቢያ ይሆናል።

ግልቢያ ከሰማችሁ የቱ እንደቀደመ ማወቅ አለባችሁ፤ ጀማሪ የሚጨነቀውም እዚህ ላይ ነው። ዘዴ አለው። የቀኙን ሳህን ጠርዝ በጣት ነካ አድርጋችሁ አዘግዩት። ግልቢያው ከሰፋ ቀኙ ከበፊቱም ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር ማለት ነው፤ እንግዲያው ወደፊት ግፉት። ግልቢያው ከጠበበ መንገዳችሁ ትክክል ነው፤ ቀጥሉ። ከገጠመ በኋላ እጃችሁን አንሱና ሌላ ፍሬዝ አድምጡ። ቀስ እያለ እንደገና ከተለያየ ችግሩ ሳህኑ ላይ ሳይሆን ፍጥነቱ ላይ ነው። ተንሸራታቹን በፀጉር ስፋት አንቀሳቅሱና እንደገና አግጥሙ። ሁለት ፍሬዝ ያህል ሳይለያዩ ከሄዱ ይበቃል።

ይህን ስትሞክሩ የግራው ትራክ ሊያልቅባችሁ ይችላል። ምንም አይደለም፤ መልሳችሁ ከመሃሉ አስነሱት። ምቱ ገጥሞ አስተማማኝ ሲሆን ቀኙን ወደ መነሻ ነጥቡ መልሱና ለእውነተኛው ሽግግር ተዘጋጁ።

የግራው ቤዝ የሚወጣበት ፍሬዝ ሲጀምር፣ በዚያ «አንድ» ላይ ቀኙን አስነሱ። ከማስነሳታችሁ በፊት የቀኙን የቤዝ ማዞሪያ እስከ ግራ ጥግ አዙራችሁ ዝጉት። ፌደሩን በስምንት ባር ውስጥ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አንሱ። ሕዝቡ መጀመሪያ የሚሰማው አዲስ ሃይ-ሃትና ጭብጨባ ነው፤ አዲስ ትራክ መግባቱን ላያውቅ ይችላል። ስምንቱ ባር ሞልቶ አዲስ «አንድ» ሲመጣ ሁለቱን እጃችሁን ተጠቀሙ፤ የግራውን ቤዝ ዝጉ፣ በዚያው ቅጽበት የቀኙን ክፈቱ። ወለሉ ላይ ያለ ሰው ይህን በደረቱ ይሰማዋል። ከዚህ በኋላ በሚቀጥለው ፍሬዝ የግራውን መሃልና የላይ ድምፅ ቀንሱ፣ ፌደሩን አውርዱ። አለቀ። ባዶ የቀረውን ቻናል ማዞሪያዎች ሁሉ ወደ መሃል መልሱ፤ ይህ ከተረሳ ቀጣዩ ትራክ ቤዝ አልባ ሆኖ ይገባል።

ሁለቱን ቤዝ ባንድ ላይ ለምን አንከፍትም? ትልቁን ጉልበት የሚወስደው የታችኛው ድምፅ ነው። ሁለት ኪክና ሁለት ቤዝ ሲደራረቡ ድምፁ ይደፈርሳል፣ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል፣ የድምፅ መለኪያው መብራትም ወደ ቀይ ይዘላል። ቀይ መብራት ማለት ድምፁ እየተቀደደ ነው ማለት ነው። ከላይ ያለውን የጌይን ማዞሪያ፣ ማለትም የየቻናሉን የድምፅ መጠን የሚያስተካክለውን፣ ተጠቅማችሁ ሁለቱም ቻናል አረንጓዴውን ሞልቶ ቢጫው መጀመሪያ ላይ እንዲቀመጥ አድርጉ። ሙዚቃው ጸጥ ያለባችሁ ከመሰላችሁ ስፒከሩን ክፈቱ እንጂ ኮንትሮለሩን ወደ ቀይ አትግፉ።

ሲንክ የሚለው ቁልፍ

ሲንክን ስትጫኑ ሶፍትዌሩ ሁለቱን ትራኮች ራሱ ያስማማል። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

ሲንክን መጠቀም ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ትልልቅ መድረክ ላይ የሚጠቀሙበት ዲጄዎች አሉ፤ የተረፋቸውን ጊዜ ለትራክ ምርጫ ያውሉታል። ግን ሲንክ የሚሠራው በቢትግሪዱ ላይ ተመሥርቶ ነው። ግሪዱ ከተሳሳተ ሲንኩም ይሳሳታል፣ በጆሮው ማረም የማይችል ዲጄ ደግሞ ሰው ፊት ይጋለጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቁልፉ እንደሌለ ቁጠሩት። ከቻላችሁ ስክሪኑ ላይ ያለውን የድምፅ ሞገድ ሥዕልም ሸፍኑት፤ ዓይን ጆሮን ያሰንፋል።

በጆሮ ማዳመጥ ሙያው ራሱ ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻና 1970ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ ፍራንሲስ ግራሶ ሁለት ሸክላ እያስማማ ሲያጫውት ምንም ስክሪን አልነበረም። በ1972 የወጣው የቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ሸክላ ማጫወቻ በ1979 ሲሻሻል ረጅም የፍጥነት ተንሸራታች ተጨመረለት። ኮንትሮለራችሁ ላይ ያለው ተንሸራታች የእሱ ልጅ ነው።

ምቱ ገጥሞ ለምን ይጎረብጣል?

አንዳንዴ ምቱ በደንብ ገጥሞም ሽግግሩ ጆሮ ይጎረብጣል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቁልፍ፣ ማለትም የቅኝት ጉዳይ ነው። ሶፍትዌሮቹ ይህን በካሜሎት ቁጥር ያሳያሉ። ከ1 እስከ 12 ያሉ ቁጥሮች ናቸው፤ ኤ የተባሉት ማይነር፣ ቢ የተባሉት ሜጀር ናቸው። 8ኤ ላይ ካላችሁ 8ኤ፣ 7ኤ፣ 9ኤ እና 8ቢ ይስማማሉ። ይህ ሕግ ሳይሆን ፍንጭ ነው። ከበሮ ብቻ ባለበት ክፍል ላይ የምታሻግሩ ከሆነ ቁጥሩ ብዙም አያስጨንቅም። ሁለት ዘፋኝ ባንድ ላይ እንዳይዘፍን መጠንቀቅ ግን ከቁልፉም ይበልጣል።

ኢፌክቶችን ለአሁን ተዉ። ኤኮና ፊልተር ያምራሉ፣ ግን ያልገጠመን ምት አይሸፍኑም።

የሐበሻ ሙዚቃን ከሃውስ ጋር

ይህን የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፤ ምኞቱንም እጋራዋለሁ። ሮፍናን ከዲጄነት ተነስቶ የኢትዮጵያን ምትና ዜማ ከኤሌክትሮኒክ ጋር አጋብቶ ብዙ አድማጭ አግኝቷል። ሙዚቀኞቹ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉም በራሳቸው መንገድ ይህንኑ ሠርተዋል። መንገዱ ክፍት ነው።

ለጀማሪ ግን ከባድ ነው። አንደኛ፣ የቆዩት ዘፈኖች በሰው ባንድ የተቀዱ ስለሆኑ ፍጥነታቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ አይደለም። ሶፍትዌሩ 118 ብሎ ቢነግራችሁም መሃል ላይ 121 ሊሆን ይችላል፤ ግሪዱ ይንሸራተታል። ሁለተኛ፣ ችክችካውን አራት አራት እያለ ከሚሄድ ኪክ ጋር ስታጋጥሙት ትላልቆቹ ምቶች ቢገናኙም ውስጣቸው ይጋጫል። የሚያዋጣው አጀማመር ይህ ነው፦ ከዘፈኑ ከበሮ የሌለበትን ቦታ ፈልጉ። የማሲንቆ መግቢያ፣ የዋሽንት ጥሪ፣ ወይም ድምፅ ብቻ ያለበት ስንኝ። ያንን ከሃውሱ ብሬክዳውን ላይ አስቀምጡት። ኪክ ስለሌለ የሚጋጭ ነገር የለም። ዜማው ሲያልቅ ድሮፑ ይመለሳል። በደንብ ከተሠራ ሰው ያስጮሃል።

ልምምዱና የ30 ደቂቃው ሚክስ

በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መለማመድ እሁድ ሙሉ ቀን ከመቀመጥ ይበልጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት በሁለት ትራክ ብቻ አሳልፉ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እስኪሰለቻችሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አምስት አድርጓቸው። የምትሠሩትን ሁሉ ቅዱ፣ በማግስቱ አድምጡት። ስትጫወቱ ያላስተዋላችሁት ግልቢያ በማግስቱ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ለሚክሱ ስድስት ትራክ ምረጡ። የስድስት ደቂቃ ትራክ ከመሸጋገሪያው ተቀንሶ አምስት ደቂቃ አካባቢ ይይዛል፤ ስድስቱ 30 ደቂቃውን ይሞላሉ። ከ120 ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ 124 ውጡ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ትራክ ዘፋኝ ያለበት ይሁን፤ ሙሉ ሚክሱ ከበሮ ብቻ ከሆነ አድማጭ ይደክማል። ትልቁን ትራካችሁን መጀመሪያ አታውጡት፣ አራተኛ ወይም አምስተኛ ላይ ያምርበታል። አንድ ሽግግር ከተበላሸ ቀረጻውን አቁማችሁ አትመለሱ፤ እስከ መጨረሻው ሂዱ። ሰው ፊት ማቆም የለም።

ሲያልቅ ኢንተርኔት ላይ መጫን ከፈለጋችሁ ሚክስክላውድን ተጠቀሙ። ለዲጄ ሚክስ ተብሎ ከመብት ባለቤቶች ጋር ተስማምቶ የሚሠራ ነው። ሌሎቹ ላይ በቅጂ መብት ምክንያት ሚክሱ ሊታገድባችሁ ይችላል።

ሰው ፊት ስትወጡ

የመጀመሪያው መድረክ የጓደኛ ልደት ይሆናል፤ ጥሩ ነው። እዚያ ሰው «ሌላ ዘፈን የለህም እንዴ?» ይላችኋል። አትቆጡ። ከሚጠይቁት መካከል ከምትጫወቱት ጋር የሚሄድ ካለ አዘጋጁለት። ሰርግ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሃውስ ብቻውን አያዋጣም፣ የባህሉንም ይዛችሁ ሂዱ። አገር ቤት ላለ ሰው ወቅቱም ይታሰብ፤ ጥር በሰርግ ይጨናነቃል፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥራው ይቀዘቅዛል። ያ ጊዜ ለልምምድና ለትራክ ፍለጋ ይመቻል።

ክለብ ውስጥ የሚጠብቃችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሲዲጄ የሚባለው የፓዮኒር ማጫወቻና ሚክሰር ነው። ላፕቶፕ ላያስፈልግ ይችላል። ትራኮቹን በሬኮርድቦክስ አዘጋጅታችሁ ወደ ፍላሽ ላኩ። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ይሁን፤ አሮጌዎቹ ማሽኖች ከሌሎቹ ብዙዎቹን አያነቡም። ሁለት ፍላሽ ያዙ፣ አንድ ዓይነት ሙዚቃ ያለባቸው። ለጆሮ ማዳመጫው ከትንሹ ጃክ ወደ ትልቁ የሚቀይር አዳፕተርም ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

የጆሮ መከላከያ ግዙ። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ኒዮሽ እንደሚለው 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ 100 ዴሲቤል ውስጥ ግን 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የክለብ ድምፅ እዚያ ይደርሳል። የተጎዳ ጆሮ አይመለስም፤ የዚህ ሙያ ሰው ደግሞ ሌላ መሣሪያ የለውም።

ቀድማችሁ ድረሱ። ከእናንተ በፊት ያለው ዲጄ በስንት ቢፒኤም እየተጫወተ እንደሆነ አድምጡ፣ ሰላም በሉት፣ የትኛው ትራክ የመጨረሻው እንደሆነ ጠይቁት። እሱ 122 ላይ ከጨረሰ እናንተ 128 ላይ አትነሱ። የመጨረሻ ትራኩን ቆርጣችሁ አታቋርጡበት፤ እስከ መውጫው ይሂድና የእናንተን ከሥሩ አስገቡ። መጀመሪያ የምታስገቡት ረጅም የከበሮ መግቢያ ያለውና በደንብ የምታውቁት ትራክ ይሁን፤ እጃችሁ እስኪረጋጋ ጊዜ ይሰጣችኋል። ቀና ብላችሁ ወለሉንም እዩ። ሰው ወደ መጠጥ ባሩ መሄድ ከጀመረ ሁለት ትራክ ወደ ኋላ አስቡ፣ ምን ላይ እንደሞቀ ታስታውሳላችሁ። በማግስቱ ደግሞ ሶፍትዌሩ ውስጥ ሂስትሪ የሚለውን ክፈቱ፤ የተጫወታችሁት በቅደም ተከተል ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ሰው የበተነውን ትራክ ከ«መሃል» ምድብ አውጡት፣ ምናልባት ቦታው «መክፈቻ» ነው።